ቀሚሱን ወደዱት፣ ሰፊዋን ጠሏት

ዓርብ ማታ በቤታችን አንድ ሕግ አለ። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ወሬው በአማርኛ ነው። «ይሄ ሰውዬ ማን ነው?»፣ «ለምን ዋሸች?»፣ «ፈንዲሻውን አቀብይኝ» ሁሉም በአማርኛ። ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሕጉን አትወደውም። በተለይ ስትናደድ ቃላቱ ይጠፉባታል። ከሁለት ወር በፊት አንድ ዓርብ ግን ቃል የጠፋኝ እኔ ነበርኩ። ፊልሙን አቁሜ «ውሃ ልጠጣ» ብዬ ወደ ኩሽና ገባሁ። ውሃውን ቀዳሁት እንጂ አልጠጣሁትም።

ፊልሙ «ዘ ድሬስሜከር» ይባላል፤ በአማርኛ «ልብስ ሰፊዋ» ብንለው ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የአውስትራሊያ ፊልም ነው። የመረጠችው ልጄ ናት፤ ልብሶቹን ልታይ ነው። እኔም ቀለል ያለ የፋሽን ፊልም መስሎኝ እሺ አልኩ። ቀላል አይደለም። ያስቃል፣ ግን ሳቃችሁ ሳያልቅ ሰው ይሞታል። ለትናንሽ ልጆች አይሆንም። ደግሞ ከዚህ በታች ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለማወራ፣ ማየት የምትፈልጉ አስቀድማችሁ እዩትና ተመለሱ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1951 ነው። ቦታው ደንጋታር የምትባል፣ በሰፊ ማሳ መካከል የተጣለች አቧራማ ከተማ ናት። ካርታ ላይ አትፈልጓት፤ የፈጠራ ከተማ ናት። ለፊልሙ የተገነባችበት ቦታ ግን ከእኛ ቤት ብዙ አይርቅም። እኛ የምንኖረው በሜልበርን ምዕራብ በኩል ነው። ወደ ጂሎንግ ስንነዳ በቀኝ በኩል ዩ ያንግስ የሚባሉ ተራሮች ይታያሉ። ደንጋታርን የሠሯት በእነሱ አጠገብ ነው። ልጄ ይህን ስታነብ «ስንት ጊዜ አልፈንበታል!» ብላ ጮኸች።

በሌሊት አንድ አውቶቡስ ይመጣል። አንዲት ሴት ትወርዳለች። ያማረ ልብስ ለብሳለች፤ በእጇ የሲንጀር የስፌት መኪና ይዛለች። ሲጋራዋን ትለኩስና ከተማዋን ትሰድባለች። ስድቡን እዚህ አልተረጉመውም። ሴትዮዋ ቲሊ ትባላለች፤ የምትጫወተው ኬት ዊንስሌት ናት።

ቲሊ በልጅነቷ ሚርትል ነበር ስሟ። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት፣ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ስቱዋርት የሚባል የትምህርት ቤት ልጅ ገደለች ተብላ ከከተማው ተባረረች። የልጁ አባት ኢቫን ፔቲማን የከተማው ሹም ነው። እናቷ ሞሊ ኮረብታ ላይ ባለች ጎጆ ብቻዋን ቀረች። ሰዉም «እብዷ ሞሊ» አላት። እሷን የምትጫወተው ጁዲ ዴቪስ ናት፤ እንደ እኔ ከሆነ ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ናት። ቲሊ የተመለሰችው እናቷን ልታስታምም ነው። ሌላም ምክንያት አላት። ያን ቀን የሆነውን አታስታውስም። ገድዬዋለሁ ወይስ አልገደልኩትም? ይህን ለማወቅ ነው የመጣችው። እስከዚያው ግን «ርጉም ነኝ» ብላ ታምናለች። ርጉም ማለት ርግማን ያለበት ሰው ነው፤ የሚነካው ሁሉ የሚበላሽበት።

በሃያ አምስቱ ዓመት ውስጥ ቲሊ ፓሪስ ደርሳ የታላላቅ ልብስ ሰፊዎችን ሙያ ተምራለች። ከእነሱ አንዷ ማድሌን ቪዮኔ ናት። ቪዮኔ በእውነት የነበረች ሴት ናት፤ ጨርቅን በሰያፍ በመቁረጥ ትታወቃለች። ሰያፍ ማለት ቀጥ ብሎ ሳይሆን ከጥግ ወደ ጥግ ነው። መሐረብ ወስዳችሁ ሁለቱን ጎኖቹን ያዙና ሳቡት፤ አይለጠጥም። ሁለቱን ጥጎች ይዛችሁ ስትስቡት ግን ይለጠጣል። እንዲህ የተቆረጠ ቀሚስ ሰውነትን ተከትሎ ይወርዳል። ክርስቲያን ዲዮር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1947 ወገቡ የጠበበ፣ ታቹ እንደ ጃንጥላ የሰፋ ቀሚስ አወጣ። በጦርነቱ ዘመን ጨርቅ በራሽን ነበር፤ በአንድ ቀሚስ ላይ ያን ሁሉ ሜትር ማዋል ያኔ ብዙዎችን አስደስቷል፣ ብዙዎችንም አናዷል። ቲሊ እንግዲህ ይህን ሁሉ በአንድ ሻንጣ ይዛ በጎችና አቧራ ወዳሉበት ከተማ መጣች።

የእግር ኳስ ጨዋታ ቀን ቀይ ቀሚስ ለብሳ ሜዳው ዳር ትቀመጣለች። ተጫዋቾቹ እሷን ሲያዩ ኳሱን ይረሳሉ። ልጄ እዚህ ላይ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከዚያ ገርትሩድ የምትባል የባለሱቅ ልጅ ትመጣለች። ማንም ዞር ብሎ የማያያት ልጅ ናት። ቲሊ ትሰፋላትና ዳንሱ ቤት ስትገባ ሁሉም ዝም ይላል። የሀብታሙ ቤት ልጅ ያገባታል። ይህን ያዩ ሴቶች በሙሉ ወደ ኮረብታው ይወጣሉ። በፊት ያን መንገድ ማንም አይሄድበትም ነበር። አሁን ልክ ሊያስወስዱ ይሰለፋሉ።

ልብሶቹን የነደፉት ማሪዮን ቦይስና ማርጎት ዊልሰን ናቸው፤ የኬት ዊንስሌትን የሠራችው ዊልሰን ናት። ፊልሙ በአውስትራሊያ የፊልም አካዳሚ ካገኛቸው አምስት ሽልማቶች አንዱ የልብሶቹ ነው፤ ይገባቸዋል። ላባ፣ ሐር፣ ረጅም ጓንት ያደረጉ ሴቶች ዱቄት ሊገዙ በአቧራው ላይ ይሄዳሉ።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀሚሱን ከለበሱ በኋላ ቲሊን ቤታቸው አይጠሯትም። የተለወጠው ልብሳቸው ብቻ ነው። ገርትሩድ ራሷ ካገባች በኋላ አፍንጫዋን ትነፋለች፤ ይህ አማርኛ «ትኮራለች» ማለት ነው። ሹሙ ሌላ ልብስ ሰፊ ከውጭ ሲያስመጣ ደግሞ ሁሉም ወደ አዲሷ ይሮጣሉ።

ከተማው ውስጥ ስለ ጨርቅ የሚያውቅ ሌላ አንድ ሰው አለ፤ ሳጅን ፋራት፣ ፖሊሱ። ሂዩጎ ዊቪንግ ነው የሚጫወተው። ቲሊን በልጅነቷ ከከተማው ያስወጣት እሱ ነው። ቤቱን ዘግቶ በድብቅ የሴት ልብስ ይለብሳል፤ ጥሩ ጨርቅ ሲያይ እጁ ይንቀጠቀጣል። ቲሊ ይህን ታውቅና ትጠቀምበታለች፤ እሱ ያማረ ነገር ያገኛል፣ እሷ ደግሞ የድሮውን የምስክርነት ወረቀት ታያለች። ወረቀቱ ላይ አስተማሪዋ ቢዩላ «በዓይኔ አይቻለሁ» ብላ ፈርማለች። ሚርትል ልጁን ስትመታው አየሁ ትላለች። አላየችም። ውሸት ነው። አንድ ሰው ስም እንዲጠራ ይፈለግ ነበር፤ ስሙም አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ቢዩላ ጠራችው።

ፊልሙን ያቆምኩት እዚህ ላይ ነው።

ልጄ ወደ ኩሽና ተከተለችኝ። «እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለች። «ምንም» አልኳት። «በአማርኛ ምንም ማለት አንድ ነገር ማለት ነው» አለችኝ። ይህን ከየት እንደተማረች አላውቅም፣ ግን ልክ ናት። ነገርኳት። ለእናንተም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ቃል። ቡዳ። አንዳንዶቻችሁ ወላጆቻችሁ እየቀለዱ ሲሉት ሰምታችሁ ይሆናል፤ «ቡዳ እንዳይበላሽ» ይላሉ ሕፃን ሲያምር። ቡዳ ማለት በዓይኑ ሰውን ያሳምማል ተብሎ የሚታማ ሰው ነው። ሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል የሚሉም ነበሩ። ቀልድ የማይሆነው ግን ይህ ስም በማን ላይ ይወድቅ እንደነበር ስታውቁ ነው። በአብዛኛው በእጅ ባለሙያ ላይ ነው። ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ቆዳ የሚፍቅ፣ ሸማ የሚሸምን። ዛሬ ብዙዎቹ በእስራኤል የሚኖሩት ቤተ እስራኤልም በአንጥረኝነትና በሸክላ ሥራ ይታወቁ ስለነበር ይኸው ስም ተለጥፎባቸዋል። አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰው ነበር። ስድቡ ግን ከአዋጁ በላይ ኖረ። ገበሬው ማረሻ ከቀጥቃጩ ይገዛል፣ እናቶች ጀበና ከሸክላ ሠሪዋ ይገዛሉ፣ በዚያ ጀበና የተፈላውን ቡና ግን ከእሷ ጋር ቁጭ ብሎ የሚጠጣ አልነበረም።

እኔ ያደግሁት በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ስሟን አልጠቅስም። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ የቅዳሜ ገበያ። እዚያ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበሩ። «ነበሩ» እያልኩ በአንቱታ የምጽፈው አስቤበት ነው። በዚያ ዕድሜ ያለችን ሌላ ሴት እኛ ልጆች «እትዬ» ብለን አንቱ እንል ነበር። እሳቸውን ግን ሕፃን ሳይቀር «አንቺ» ነበር የሚላቸው። አማርኛ ስትማሩ አስተማሪ «አንቺ ለቅርብ ሰው ወይም ለታናሽ ነው» ይላችኋል። አንዳንዴ ደግሞ ሰውን ዝቅ ለማድረግ ነው።

የአባታቸው ቤተሰብ ቀጥቃጮች ነበሩ። እሳቸው ግን ብረት ነክተው አያውቁም፤ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና ነበረቻቸው። ከተማው በሙሉ የሚለብሰው የእሳቸውን ስፌት ነው። የሙሽራ ቀሚስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሐዘን ልብስ ሳይቀር። በተለይ ጥምቀት ሲደርስ ሌሊቱን ሁሉ የመኪናዋ ድምፅ ይሰማል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለውን ታውቁታላችሁ? ለጥምቀት ያልተለበሰ ቀሚስ ምን ይሠራል፣ ይቀደድ ማለት ነው። እኔ አሥር ዓመቴ ላይ እናቴ አረንጓዴ ከፋይ ገዛችልኝ። ከፋይ ስትነኩት እንደ ድመት ጀርባ የሚለሰልስ ጨርቅ ነው።

ልክ ልታስወስደኝ የሄደችው አያቴ ናት። እደጁ ላይ ስንደርስ ነጠላዋን በፊቴ ላይ ሳበችው። ሰፊዋ ቡና አፍልተው ነበር። አያቴ «ጠጥተን ነው የመጣነው» አለች። አልጠጣንም ነበር። እሳቸውም እንደማንጠጣ ያውቃሉ፤ ግን ሁልጊዜ ያፈላሉ። ስፒል በከንፈራቸው ይዘው፣ ሜትሩን አንገታቸው ላይ አድርገው «ዞር በይ… አሁንም ዞር በይ» ይሉኛል። አንድ ጊዜም ቀና ብለው ፊቴን አላዩም። ያኔ ቁጡ ሴት መሰሉኝ። አሁን ሳስበው፣ «ልጄን አየቻት» እንዳይባሉ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰውን ልጅ ከአንገት በታች ብቻ እያዩ ሰፉ።

ቀሚሱ አማረብኝ። የጥምቀት ዕለት ታቦቱን አጅበን ስንሄድ፣ ውሃ ስንረጭ፣ ሸንኮራ ስበላ ዋልኩ። በእርጥብ ልብስ አመሸሁ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘኝ።

ጎረቤት መጣ። አንዷ «ይቺ ልጅ ተበልታለች» አለች። ሌላዋ ደግሞ በለሆሳስ «ያ ቀሚስ…» ስትል ሰማኋት። ከሰል መጣ፣ እላዩ ላይ ምን እንደሆነ የማላውቀው ሥር ተጨመረ፣ በጋቢ ሸፍነው አጠኑኝ። ቡዳው በታማሚው አፍ ይናገራል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ይጠይቃሉ። «ማን ነው የበላሽ? ተናገሪ!» ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ መተንፈስ አቃተኝ። ጋቢውን ልገልጥ ስል እጄን ያዙኝ። «ተናገሪ!»

ስማቸውን ጠራሁ።

ማንም እንዳየኝ አልተሰማኝም። ቡዳም አልተናገረብኝም። አሥር ዓመቴ ነው፤ የሚጠብቁትን ስም አውቀዋለሁ፤ ጭሱ እንዲቆም ፈልጌ ነበር። ወዲያው ጋቢው ተገለጠ፣ ከሰሉ ወጣ፣ ወተት በማር ሰጡኝ። ፈተና እንዳለፈ ልጅ አቀፉኝ። በማግስቱ ትኩሳቱ ወረደ፤ መውረጃ ቀኑ ነበር መሰለኝ። ለእነሱ ግን ማስረጃ ሆነ።

እሳቸውን የመታቸው የለም። ቤታቸውንም ያቃጠለ የለም። ሴቶቹ መጀመሪያ ጨርቁን በሠራተኛ እጅ፣ በጨለማ መላክ ጀመሩ። ከዚያ መላክም ቀረ። ከእኔ አንድ ክፍል የምትበልጥ ልጅ ነበረቻቸው፤ ስታልፍ ልጆች ምሳቸውን ይሸፍናሉ። እኔም ሸፍኛለሁ። ክረምቱ ሳይወጣ ከተማውን ለቀው ሄዱ። የስፌት መኪናዋን በጆንያ ጠቅልለው ሲጭኑ ከአጥራችን ሆኜ አይቻለሁ። በቀጣዩ ጥምቀት ያንኑ አረንጓዴ ቀሚስ ለበስኩ፤ አጥሮኝ ነበር። የሚያስረዝምልኝ ሰው አልነበረም።

ልጄ ይህን ስትሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ስማቸው ማን ነበር?» አለች። ነገርኳት። እዚህ ግን አልጽፈውም፤ አንድ ጊዜ ያለ ፈቃዳቸው ጠርቼዋለሁና።

ፊልሙን ጨረስነው። የቀረው ከፊተኛው ይከብዳል። ቲሊን የሚወዳት ቴዲ የሚባል ወጣት አለ። እናቱና አባቱ ድሆች ናቸው፤ ከተማው እነሱንም ይንቃል። ወንድሙ ባርኒ አእምሮው ደካማ ነው ተብሎ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ባርኒ ግን ያን ቀን ነበረ። አይቷል። ስቱዋርት እንደ በሬ አንገቱን ደፍቶ ሆዷን ሊመታ ሮጠ፤ ሚርትል ዘወር አለች፤ ግድግዳውን መታና አንገቱ ተሰበረ። ይኸው ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ እውነቱን የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ ይሄድ ነበር፤ የጠየቀው የለም።

እዚህ ላይ ፊልሙ ሊያልቅ ይችል ነበር። ቴዲ ግን ርግማን እንደሌለ ሊያሳያት ብሎ እህል ወደሞላበት ትልቅ ጎተራ ይዘላል። እህሉ ይውጠዋል። በኋላ እናቷም ትሞታለች፤ ከመሞቷ በፊት ግን ለልጇ የበቀል መንገድ ጠቁማ ነው። በቀል ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የተደረገብንን ክፉ መልሶ ማድረግ ነው። ቂም ደግሞ ከበቀል በፊት ሆድ ውስጥ የሚቀመጠው ነው። አበሻ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላል። የሚስል ሌባ እንደሚያዝ ሁሉ፣ ቂም የያዘም ጸሎቱ አይሰምርለትም።

ቲሊ አትጸልይም። ደንጋታሮች በቲያትር ውድድር ላይ «ማክቤት»ን ሊያሳዩ ሲዘጋጁ፣ እሷ ለተቀናቃኟ ለዊንየርፕ ከተማ የ«ሚካዶ»ን ልብስ ትሰፋለች። ሹሙ ኢቫን አባቷ እንደሆነም ታወቀ፤ እናቷን አስረግዞ የካደ፣ ሚስቱን ማሪጎልድን ደግሞ በመድኃኒት እያደነዘዘ የኖረ ሰው። ማሪጎልድ እውነቱን ስትሰማ ቋንጃውን ትቆርጠዋለች። ቋንጃ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ነው፤ ከተቆረጠ መቆም የለም። ከተማው ሁሉ ለውድድሩ በሄደበት ቲሊ የእናቷን ቤት ትለኩሳለች። ከኮረብታው እስከ ከተማው ድረስ ቀይ ጨርቅ እንደ ምንጣፍ ትተረትርና እሳቱ በእሱ ላይ ይሄዳል። ሰዎቹ ሲመለሱ አመድ ይጠብቃቸዋል። እሷ ባቡር ውስጥ ናት።

ዳይሬክተሯ ጆስሊን ሙርሃውስ ፊልሙን ከክሊንት ኢስትዉድ «አንፎርጊቭን» ጋር አመሳስላዋለች፤ ሽጉጥ ቀርቶ የስፌት መኪና የያዘ። ጥሩ አባባል ነው። መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመችው ሮዛሊ ሃም ያደገችው ጀሪልደሪ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ እናቷ ልብስ ሰፊ ነበረች። ልክ ሊያስወስድ የሚመጣ ሰው ብዙ ያወራል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ የከተማውን ገመና ሁሉ ይሰማል።

ልጄ እሳቱን ወደደችው። «ይበላቸው» አለች፤ ይገባቸዋል ለማለት ነው፤ አማርኛዋ ትክክል ነበር። እኔ አልወደድኩትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያልወደድኩት ጥሩ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ልጄ የምታየው ከባቡሩ ውስጥ ነው፣ ከቲሊ አጠገብ ተቀምጣ። እኔ አመዱ ላይ ከቆሙት ጋር ነበርኩ። ፊልሙ ለእነዚያ ሰዎች አንድም ደግ ቃል የለውም፤ እንደ አሻንጉሊት ነው የሚያሳያቸው፣ አስቀያሚና አስቂኝ አድርጎ። ይህ እንደ ፊልም ድክመቱ ይመስለኛል። የእኛ ሰፈር ሴቶች አስቀያሚ አልነበሩም። ወተት በማር የሰጡኝ እነሱ ናቸው። ሰው ሲሞት ሦስት ቀን ሳይተኙ የሚያጽናኑ፣ ሲወለድ ገንፎ ይዘው የሚመጡ ነበሩ። እሳቸው ቤት ግን አልሄዱም።

ደግሞ ትንሽ ከተማ የምትቀረው አገር ቤት እንዳይመስላችሁ። ሜልበርን ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ እኛ ሐበሾች ግን በውስጧ አንዲት ደንጋታር አለችን። የቫይበር ግሩፕ አለን። «እገሊት እኮ…» ተብሎ ይጀመራል፣ ሦስት ነጥብ ይደረጋል፣ እስከ ማታ ስሟ ያልቃል። ምግቧን ለሠርግ የምናዝዝ፣ እሷን ግን ሠርጉ ላይ የማንጠራት ሴት እኔ ራሴ አውቃለሁ። ልጄ ይህን ስነግራት «ማን?» አለች፤ ስሟን ልነግራት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

በማግስቱ አዲስ አበባ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ያቺን ልብስ ሰፊ ታስታውሻታለሽ?» አልኳት። ይኸው፤ ለእናንተ እሳቸው እያልኩ የጻፍኩት ሰውዬ ከእናቴ ጋር ሳወራ አፌ ወደ ድሮው ተመለሰ።

«ምን አስታወሰሽ?»

«ያኔ ስሟን ስጠራ… ውሸቴን ነበር።»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። በኋላ «ብርድ እንደ ነበር እኔም አውቅ ነበር» አለች።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሰፈሩ ሁሉ ቤት ውስጥ ነበራ» አለች። ሰማንያ ዓመቷ ነው። ልቆጣት ፈልጌ አልቻልኩም፤ ደግሞ በምን አፌ? ጥቂት ቆይታ «ቀሚሱ እኮ ሳጥን ውስጥ አለ» አለችኝ።

እህቴ ሰዎችን ጠይቃ ነበር። አንዷ «አዲስ አበባ ገብተው መርካቶ ይሰፉ ነበር» አለቻት፤ ሌላዋ ደግሞ ልጅቷ ነርስ እንደሆነች ሰምታለች። እስካሁን ያገኘነው ይህን ብቻ ነው፤ እህቴ መጠየቋን አልተወችም።

ቀሚሱ ባለፈው ሳምንት በሰው እጅ መጣ፣ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር በአንድ ሻንጣ። የበርበሬ ሽታ ይዟል። ከፋዩ ክርኑ ላይ ሳስቷል፣ አረንጓዴውም ወደ ግራጫ ሄዷል። ልጄ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ወደ ውስጥ ገለበጠችው፤ ስፌት የምታይ ሰው መጀመሪያ የምታየው ውስጡን ነው ትላለች። ስፌቱ እንደ መስመር ቀጥ ያለ ነው። ጠርዙ ላይ ስትደርስ ቆመች። ታቹ ወደ ውስጥ በሰፊው ታጥፏል፤ ጣቶቿን አስቀምጣ ለካችው፤ አራት ጣት ሙሉ።

«ለምን ይሄን ሁሉ ጨርቅ አጠፉት? ከፋይ ውድ አይደል?»

«እንዳድግበት ነው» አልኳት። «በየዓመቱ እየተረተሩ ሊያስረዝሙልኝ።» መተርተር የተሰፋውን ክር መፍታት ነው።

የታጠፈውን በጥፍሯ ከፈት አድርጋ አየችው። እዚያ ውስጥ፣ ፀሐይ ባልነካው በኩል፣ ከፋዩ አሁንም ደማቅ አረንጓዴ ነው። ልጄ ሕጉን ረስታ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረች። አላረምኳትም።